በየካቲት 2016 ወጥቶ የነበረውን የመምህርት ዘርፈሽዋል ገሠሠን የሀዘን መግለጫ የሚተካ መግለጫ

የወልቂጤና አካባቢዋ የሥነ ፈለክ አንባቢዎች ማኅበር መሥራች መምህርት ዘርፈሽዋል ገሠሠ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ ወልቂጤ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ መሪር ሐዘኑን ሲገልጽ፣ ይህን ዜና ከእኛ የምትሰሙት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን አይዘነጋም። የአሁኑ እውነት ነው። አስከሬናቸውን እስከ ትውልድ ከተማቸው ቡታጅራ ሸኝተን፣ አፈር አልብሰን ነው የጻፍነው።

መምህርት ዘርፈሽዋል በ1957 ዓ.ም. በቡታጅራ ተወለዱ። በአረቅጥ፣ በቡታጅራና በወልቂጤ ለሠላሳ አራት ዓመታት ፊዚክስ አስተምረዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ተማሪም ባልደረባም ይፈራቸው ነበር፤ ግን ያላስረዱትን ሰው ከክፍል አያስወጡም።

በ2003 ዓ.ም. ከስድስት መምህራን ጋር ማኅበሩን አቋቋሙ። ሥራችን፣ የውጭ ተመልካች ጣቢያዎች ለሕዝብ ክፍት ካደረጉት መዝገብ የኳሳሮችን ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለም ተዘርዝሮ የተቀረጸ ብርሃናቸውን፣ አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ኳሳር ማለት በሩቅ ጋላክሲ መሃል፣ በግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚነድ ብርሃን ነው፤ በአካባቢው ያለው ጋዝ ከብርሃኑ ብርታት የተነሣ ኤሌክትሮኖቹን ይነጠቃል፤ የተነጠቀው ጋዝም በስፔክትረሙ ላይ የራሱን መስመር ይተዋል። ሁለት ሰዎች የኳሳሩን ስም ሳያውቁ፣ ሳይነጋገሩ ያነቡታል፤ ሁለቱም ካልፈረሙ መስመሩ እንዳልታየ ይቆጠራል። ሕጉን ያወጡት መምህርቷ ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. በ2005 በተቀረጸ አንድ ስፔክትረም ላይ ዘጠኝ ኤሌክትሮን የተነጠቀ ብረት የሚተወውን መስመር አገኙ። ያው ኳሳር በ2008 ሲቀረጽ መስመሩ የለም። ሁለተኛው አንባቢ አቶ ሸምሶ ኡበይድ «የመሣሪያ እድፍ ነው» ብለው ሳይፈርሙ ቀሩ፤ ቦርዱም ይህንኑ አጸደቀ።

በ2011 ዓ.ም. የዚያ ኳሳር መሃል በድንገት ደመቀ። መምህርቷ የቀድሞውን መዝገብ አገላብጠው፣ መሃሉ በ1998ም ደምቆ እንደነበር፣ መስመሩም ከሰባት ዓመት በኋላ እንደታየ አሳዩ። ጋዙ ከመሃሉ ሩቅ ስለሆነ ብርሃኑ ዘግይቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። በ2018 መስመሩ እንደሚመለስ ጽፈው ለመዝገብ ቤት አስገቡ። ማንም አልመለሰላቸውም።

በ2016 ዓ.ም. በጽኑ ታመሙ። ማኅበራችን ለታመመ አባል የሀዘን መግለጫ አስቀድሞ የማርቀቅ ልማድ ነበረው፤ በቀብር ዕለት እንዳንቸገር ተብሎ። የካቲት 11 ጠዋት በሰፈራቸው የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባው ለጎረቤት ነበር። እኛ ማን ሞተ ብለን ሳንጠይቅ በረቂቁ ላይ ቀኑን ሞልተን በማኅበሩ ሰሌዳ ለጠፍነው። በመግለጫው ውስጥም መስመሩ «የመሣሪያ እድፍ ሆኖ የተገኘ» ተብሎ ሰፍሮ ነበር። በቆሼ ከተማ ለሚኖሩት ታናሽ እኅታቸው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ ገሠሠም መርዶ ተነገረ። እያለቀሱ ወልቂጤ ሲደርሱ በሩን የከፈቱላቸው ሟች የተባሉት ራሳቸው ናቸው።

መምህርት ዘርፈሽዋል ከተሻላቸው በኋላ መግለጫውን ከሰሌዳው ነቅለው፣ በቀይ አርመው መለሱልን። ከላይ «አለሁ። ቸኮላችሁ።» ይላል። ከመስመሩ አንቀጽ ጎን ደግሞ፦ «እድፍ አይደለም። መርዶ ሩቅ አገር ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እኔን ለመቅበር አንድ ጠዋት በቃችሁ፤ ይህችን አንቀጽ ለማረም ስንት ዓመት ትፈልጋላችሁ? በሕይወት ሳለሁ አርሙልኝ።» ቦርዱ ጉዳዩን አራት ጊዜ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈው። እናፍራለን።

በዚያው ወረቀት ላይ፣ ሞቱበት ከተባለው ቀን ውስጥ የሰረዙት ዓመቱን ብቻ ነው። «የካቲት 11» የሚለውን እንዳለ ትተውታል። ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው የለም። ያረፉትም በዚያው ቀን ነው። ማኅበሩ ስለዚህ ነገር የሚሰጠው ማብራሪያ የለውም።

በሠልስታቸው ዕለት፣ የካቲት 13፣ ከለቅሶ ቤት መልስ አባላችን ወይዘሮ ሰፍያ አዲስ ከገቡት ስፔክትረሞች ተራው የደረሰውን አነበቡ። አንድ ቀጭን መስመር አይተው ምልክት አደረጉ። አቶ ሸምሶም ለብቻቸው አንብበው፣ እዚያው ቦታ ላይ ምልክት አደረጉ። የኳሳሩ ስም ሲገለጥ የመምህርቷ ኳሳር ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው እስከ 2018 ጠብቀውን ነበር፤ የዘገየነው እኛ ነን።

ስለዚህ የ2016ቱ መግለጫ ከነስህተቱ ተሽሯል። መስመሩ የብረት መስመር ነው፤ ያገኙትም መምህርት ዘርፈሽዋል ገሠሠ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ባዶ የኖረውን የሁለተኛ አንባቢ ቦታ አቶ ሸምሶ ፈርመውበታል። አስቀድሞ የማርቀቅ ልማዳችንም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ሁለት ጊዜ ላስለቀስናቸው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ለመላው ቤተሰብ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን።

በመጨረሻም፦ ባረሙት ወረቀት ግርጌ «መስመሩ ሲመጣ ለእኔም ንገሩኝ» የሚል ቃል አለ። አባላት መጋቢት 19 ከሰዓት በወልቂጤ መናኸሪያ ተገናኝተን ወደ ቡታጅራ እንጓዛለን። በማግስቱ፣ በአርባቸው ዕለት፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መቃብራቸው ዘንድ ቆመን እንነግራቸዋለን።

የማኅበሩ ቦርድ
ወልቂጤ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.