የእማማ ዓይናዲስ ምርቃት ይመለስልን

ለክቡር የጮራ የሕዝብ ቴሌቪዥን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም መቀስዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር የምኖር ጡረተኛ መምህር ስሆን፣ ባለፈው ጥቅምት እርስዎ የላኳቸውን ጋዜጠኞች ተቀብዬ፣ ከደጅ ደጅ እየመራሁ፣ “የሕዝብ ናቸው፤ ሳትፈሩ ንገሯቸው” እያልኩ ጎረቤቶቼን ያሳመንኩት ሰው ነኝ። ስለዚህ ምስጋናውም የሚጠበቀው ከእኔ ነው።

አንደኛ፣ ጎረቤቴ እማማ ዓይናዲስ የመንደራችን የውሃ ፓምፕ ከተበላሸ ስምንት ወር እንዳለፈው፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው እንስራ አዝለው ገደል እየወረዱ ከወንዝ እንደሚቀዱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ፣ ጋዜጠኛዎ አንገቱን እየነቀነቀ ስላዳመጣቸው እናመሰግናለን። በእኛ ዘንድ ደጅ የረገጠ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝምና፣ እማማ ተነሥተው “እናንተንም የላካችሁንም ይባርክ፤ እንዳሰባችሁን እሱ ያስባችሁ” ብለው መረቁት። ከግማሽ ሰዓቱ ለዜና የተረፈችው ይህችው ምርቃት ብቻ ስትሆን፣ ዜና አንባቢውም “ነዋሪዎች ለተጠገነላቸው ፓምፕ ምስጋና አቀረቡ” ሲል አጀባት።

ሁለተኛ፣ ከምርቃቱ ጋር ያሳያችሁን የቧንቧ ውሃ ኩልል ያለ ነበር። እኛ የእጅ ፓምፕ እንጂ ቧንቧ ኖሮን አያውቅም። ከቧንቧው ጀርባ የሙዝ ተክል ቆሞ አየን፤ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ሙዝ ስላበቀላችሁልን እንኳን ደስ ያለን።

ሦስተኛ፣ የጥገና ሠራተኞቹ ዜናውን አይተው መንደራችንን ከጥገና ወረፋ ሰረዟት። አቤት ልንል ብንሄድ “በቴሌቪዥን አይተናል እኮ” ተባልን። ጎረቤቱም “ምን አብልተዋቸው ነው?” እያለ እማማን አማቸው። ቀድሞ ከጎረቤት ጋር በጨዋታ ይወርዱት የነበረውን ገደል ዛሬ ብቻቸውን ይወርዱታል። እኔንም ቀና ብለው አያዩኝም። ቧልቱን ልተወውና፣ ክቡርነትዎ፣ ይህ አንጀቴን አሳርሮታል፤ እሳቸውን የካዳችኋቸው በእኔ አፍ ነውና።

አራተኛ፣ ጣቢያዎ “ነጻና ገለልተኛ” መሆኑን በየሰዓቱ ስለሚያስታውሱን እናመሰግናለን። በጀታችሁ ከግብራችን እንደሚወጣ ሰምቼ ነበር፤ የተገለላችሁት ከግብር ከፋዩ መሆኑን ግን ገና አሁን ተረዳሁ።

የአገልግሎት ዘመንዎ እንደ ዜናችሁ የውሃ መሥመር ያለ ብልሽት እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪዎና የቀድሞ አማኝዎ
መምህር ደምለው የኔአለም

ማሳሰቢያ፦ እማማ ዓይናዲስ ማስተባበያ አልጠየቁም። የጠየቁት ምርቃታቸው እንዲመለስላቸው ነው። ካልተመለሰ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ሌላ ነገር እንደሚናገሩ ነግረውኛል፤ እስከ እሑድ እንዲታገሡ ለምኛቸዋለሁ። ያንን የሚቆርጥልዎ ባለሙያ እንዳይፈልጉ አደራ፤ የሚናገሩት ለካሜራ አይደለም።