በርበሬ ያጋለጠው የፍሬን እጀታ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.። እስከ ረፋድ ድረስ አምስት ሱቆች ዞሬ ያገኘሁት፦ ያገለገለ የፍሬን እጀታ አንድ፣ ያገለገለ የሞተር ካቴና አንድ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ አንድ ጥንድ።

እህቴ ሱሀይር፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? የሻርጃ ሙቀትስ በረድ አለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የልጅሽ የሀፍሷ ጉልበት ድኗል፤ አሁን የቀራት ሕመም «ሞተሬ መቼ ይሠራል?» የሚለው ብቻ ነው።

የላክሽላት ትንሿ ሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታዋ ተሰንጥቆ ከአጥር ጋር ካጋጨቻት ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ። «ሽጣት» ብለሽኛል። ግን ሰው ስለ እናቷ ሲጠይቃት ሀፍሷ የምታሳየው ያቺን ሞተር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልሞክር ብዬ፣ የተሰነጠቀውን እጀታ ከሱቄ፣ ከበርበሬው ጆንያ ላይ አንስቼ መለዋወጫ ፍለጋ ወጣሁ። መለዋወጫ ተራ የተበላሸውን ዕቃ ለናሙና ይዞ መዞር ነው።

ሃያ ዓመት ነግጄ ዛሬ በደላላ ልበላ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ናሙናውን ይስጡኝና እኔ ልዙርልዎ» አለኝ፤ ሰጠሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥቁር ቀለም የተቀባ እጀታ ይዞ መጣና ከዱባይ የገባ ነው አለኝ። «ናሙናዬስ?» ስለው አንዱ ሱቅ ረሳሁት አለ። የብሎኑን ቀዳዳ ለማየት ወደ ፊቴ ሳስጠጋው አስነጠሰኝ። ቀዳዳው ውስጥ በርበሬ አለ። ቀለሙን በቁልፍ ፋቅ ባደርገው የራሴው ስንጥቅ በብየዳ ተሸፍኗል። «ዱባይም በርበሬ ማስፈጨት ጀመረ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ነጋዴ መሆንዎን መቼ ነገሩኝ?» ብሎ እጀታውን እጄ ላይ ትቶ እየሳቀ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም። ሀፍሷ እጅ ላይ ሲሰበር ታየኝ።

ከዚያ ያገለገለ ዕቃ ብቻ ወደሚሸጡት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሼ ዘውገ ሄድኩ። እጀታውን ከናሙናዬ ጋር አስተያይተው፣ በጉልበታቸው ጠምዝዘው ፈትነው ሰጡኝ። ካቴናውንም እንዲሁ። ሸራ ስጠይቃቸው ግን «ለልጅ ያገለገለ ሸራ አልሸጥም፤ አዲሱን ከጎረቤቴ ግዛ» አሉኝ። ገበያውን ለሌላ የሚሰጥ ነጋዴ ሳገኝ ልቤ አረፈ። መካኒኩ ፈርሀት ሁሉንም ገጥሞታል፤ ጎማው እየተሽከረከረ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ይላል። እንግዲህ ዛሬ ተኚ።

እናታችን በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች። ባለቤቴ ሀስና ወገብሽን ቅባት ተቀቢ ብላሻለች። ልጄ አዩብ እጅ ነስቷል። ሀፍሷ ሰላምታዋን የላከችው ሄልሜቷን አጥልቃ ነው፤ አላወልቅም ብላለች።

ወንድምሽ ሀምዳን
መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ

ነገ ጠዋት፦ ሞተሯን ሜዳ ወስዶ፣ የሀፍሷን ክብደት የሚያህል የበርበሬ ጆንያ ጭኖ፣ እየገፉ ፍሬኑን መሞከር።