ቀኝ ግዛት እና የግራ እጅ ቅቤ

ሰኞ፣ ሜይ 3፣ 2021። ጠዋት።

ሻዬን ደፉብኝ። ማስታወሻዬ፣ ከዚህ የባሰ በደል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ሙሉ እዚህ አሜሪካ፣ ጋሃና ኤርፖርት መንገደኛ ከፓርኪንግ የሚያመላልስ ሻትል ስነዳ አድሬ፣ ውሃ ጥጄ፣ የሻዩን ቆርቆሮ ብከፍት ባዶ። ቅጠሉ ሲንክ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፏል። ላዩ ላይ የወረቀት ጀልባ ተንሳፍፏል።

ተከሳሿ ሶስና፣ የእህቴ ልጅ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ። ክሱን አልካደችም። ባለፈው ሳምንት የአሜሪካን የቅኝ ግዛት ዘመን ስናጠና እኔ ንጉሥ ነበርኩ፤ ከብስኩቷ ግማሹን ግብር እያልኩ በላሁባት። ምክር ቤትህ ውስጥ ወንበር ስጠኝ ብትለኝ ወንበር አልቋል፣ ቆመሽ ክፈዪ አልኳት። ስለዚህ ግብር አንከፍልም ብለው የንጉሡን ሻይ ባሕር ውስጥ የጣሉት የቦስተን ሰዎች ያደረጉትን አደረገች። ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው። ሻዬም ሲንክ ገብቷል።

የጓሮ ናና ቀቅዬ ጠጣሁ። ያኔም ሻይ እምቢ ያሉት ሰዎች የጓሮ ቅጠል ነው የጠጡት አለችኝ፤ ፊቴ ሲጨማደድ እያየች።

አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ዲፕሎማ የለኝም፤ ያለኝ የላይብረሪ ካርድና የተኮላሸ የቀን እንቅልፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሶስና ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም፤ ውጭ ሰው ፊት ግን አንዲት ቃል አይወጣትም። አምና በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርቱ ስክሪን ላይ ሲሆን ካሜራዋን አጥፍታ፣ ማይኳን ዘግታ ጨረሰችው። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አስናቀች፣ ከት/ቤት አውጥታ ቤት እንዳስተምራት ለእኔ ሰጠችኝ። ውላችን፦ በዓመቱ መጨረሻ የማስተማር ላይሰንስ ያላት መምህር ሥራዋን አይታ ደህና ነው ብላ ከጻፈች እንቀጥላለን። ካልጻፈች በኦገስት ት/ቤት ትመለሳለች። ይህ በተነሳ ቁጥር ሶስና ጥፍሯን ትበላለች።

መምህሯ ሚስ ሎሬታ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ፣ እዚሁ ሰፈራችን ኢስትሙር የሚኖሩ፣ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። የምናገኛቸው የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ በዙም ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 5። ከሰዓት።

ፋሲካ አልፏል፤ ቅቤ ተፈታ። ጾሙን ሙሉ እየዘለልነው የመጣነው ሙከራ ዛሬ ተሠራ። ርዕሱ የዚያ ዘመን ገበሬ ቤት ቅቤ አወጣጥ። መሣሪያው ሁለት ባዶ የወይራ ፍሬ ብርጭቆ ከነክዳኑ፣ ሁለት ክሬም፣ ሁለት ክንድ። ግጥሚያ፤ ማን ቀድሞ ንጦ ቅቤ ያወጣል።

እኔ በቀኜ፣ እሷ በግራዋ። ግራኝ ናት። በፕላስተር ለጥፋ ሰይማቸዋለች፤ የእኔን ቀኝ፣ የራሷን ግራ። በአማርኛ ፊደል፣ ጅራታቸው እንደ አይጥ የረዘመ።

ተሸነፍኩ። የእሷ ሲጓጉልና ውሃው ሲለይ የእኔ ገና ክሬም ነው። ትከሻዬ ወለቀ። አስማት ነው ብዬ ከሰስኳት። ሳቀችብኝና ሚስጥሩን አወጣች፤ የእሷን ብርጭቆ ከጠዋት ጀምራ ካውንተሩ ላይ አኑራው ነበር። የእኔ በቀጥታ ከፍሪጅ። ስቡ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ቅንጣቶቹ ቢጋጩም አይያያዙም። ትንሽ ሲለሰልስ ይያያዛል።

እልህ ያዘኝ። ዞር ስትልልኝ የእኔን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ይባስ ብሎ ዘይት ሆነ። ፍሪጅ ብመልሰው አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ወጣ። ያንንም ጻፈችው፦ ጋሼ ቸኮለ፣ የጋሼ ቅቤ ተበላሸ። ለሳይንስ ስል ታገስኩ።

እሑድ፣ ሜይ 9። ማታ፣ ከእራት በኋላ።

ዛሬ ጉድ ፈላ።

ገበታ ላይ ነን። ሶስና በግራዋ ልትጎርስ። እትዬ እንደ ሁልጊዜው በቀኝሽ ብዪ አለቻት። እኔ ይህን ትእዛዝ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ጨው ነው፣ ቆጥሬው አላውቅም። ሶስና ግን እጇን አልቀየረችም።

“ይሄ ቀኝ ግዛት ነው” አለች።

ወጡ አነቀኝ። እትዬ ጀርባዬን እየመታች ምን ማለቷ ነው ትለኛለች። እኔ ሳቄን ልዋጥ ወይስ ጉርሻዬን?

ለካስ ወር ሙሉ ቅኝ ግዛት ስል እሷ የምትሰማው ቀኝ ነው። ቀኝ እጅ የሚገዛው አገር። ሁሉም ነገር ገጥሞላታል። ንጉሡ የሚፈርመው በቀኙ፣ ግብር የሚቀበለው በቀኙ። ግራ እጅ አገሩ ውስጥ አለ፣ ይሠራል፣ ብርጭቆ ይይዛል፣ ግን አይጠየቅም። ቀጥላ አዋጅ አነበበች፤ ከዛሬ ጀምሮ ግራ ነፃ ነው። እና በግራዋ ጎረሰች።

እትዬ አልሳቀችም። እንግዳ ፊት እንዲህ ስትበላ ሰው ምን ይላል አለች፣ ወደ ሶስና ሳይሆን ወደ እኔ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ይህን በጽሑፍ ለመምህሯ ልከሃል?

ልኬአለሁ። ሁለት ገጽ። ሶስና በእንግሊዝኛ ስለ ራይት ሃንድ ካንትሪ፣ ስለ ቀኝ እጅ አገር የጻፈችው። እኔ ሳነበው ሆን ብላ የፈጠረችው ቅኔ መስሎኝ አድንቄ፣ ዳር ላይ ኮከብ ስዬበት፣ ስካን አድርጌ ላክሁት።

እትዬ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። መንኳኳታቸው ከወትሮው በዝቷል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 11።

ዙም። አልሆነም።

ሶስና ካሜራዋን አበራች፤ ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ሚስ ሎሬታ ሰላም አሉ። ዝም። ስለ ቅቤው ጠየቁ። ዝም። የቀኝ እጁን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ከየት አመጣሽው አሉ። ሶስና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ስሟ ብቻ ቀረ፤ አጠፋችው።

እኔ አላስችል አለኝና ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ በትህትና አስቆሙኝ።

“እርስዎን ሰምቼዎታለሁ። መስማት የምፈልገው እሷን ነው።”

ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን የልጅቷ መሆኑን ከልጅቷ ሳልሰማ ምንም አልጽፍም አሉ። እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንሞክር ተባለ።

እትዬ ከዌርሃውስ ሥራዋ ገብታ ስትሰማ አልተቆጣችም። መቆጣቱ ይሻል ነበር። ለኦገስት እንደምታስመዘግባት ብቻ ነገረችኝ፤ ሁሌ አንተ አፏ ሆነህ አትኖርም አለች። ናናዬን ልቀቅል ወደ ኪችን ገባሁ። ማስታወሻዬ፣ ይህን መዝግቢልኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 13። ከሰዓት።

ሶስና ሁለት ቀን ኩርፊያ ላይ ናት። ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከራሷ ጋር። ቃሉ ቀኝ ሳይሆን ቅኝ መሆኑን ነገርኳት። ሳልነግራት ብቀር በወደድኩ ነበር፤ የእሷ ቀኝ ግዛት ከእውነተኛው ይበልጥብኛል። ግን አስተማሪ ነኝ ብያለሁ።

አሮጌውን መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ፤ ቅኝ የሚመጣው ከቃኘ ነው። ቃኘ፦ አገር ዞሮ አየ፣ ሰለለ። ደግሞም፦ የክራር ክር አጠበቀ፣ አላላ፣ ድምፁን አስተካከለ። ቅኝት የምንለው ከዚያ ነው። ክራር የለንም። የእንጨት ማማሰያ፣ ባዶ የጫማ ካርቶንና ላስቲክ አለን። ላስቲኩን ካርቶኑና ማማሰያው ላይ ወጥረን ቃኘን። ስትስበው ድምፁ ይቀጥናል፣ ስትለቀው ይወፍራል። ስትመታው ቆየች። ከዚያ፦

“ስለዚህ ክሩን የሚስበው ሌላ ሰው ነው። ድምፁ ግን የክሩ ነው።”

ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ታዲያ የቀኙ ተሳስቶ ነበር ወይ አለችኝ። ቃሉ ተሳስቷል፣ ነገሩ አልተሳሳተም አልኳት። ኩርፊያው ትንሽ ላላ።

አሁን የራሴን ተንኮል ልናዘዝልሽ። ወደ ሥራ ስሄድ በሚስ ሎሬታ ቤት በኩል አልፋለሁ። ሁለቱን የቅቤ ብርጭቆዎች ከነጽሑፋቸው፣ በበረዶ ከረጢት አድርጌ በረንዳቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ደብዳቤ የለም። ስም የለም። የበሩን ደወል ተጭኜ እሮጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ለሶስና አልነገርኳትም፤ ለእትዬማ ጭራሽ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 15። ጠዋት።

ምንም ወሬ የለም። ሴትዮዋ ጥለውት ይሆናል። እኔም ብሆን በረንዳዬ ላይ ያገኘሁትን የማላውቀውን ቅቤ አልበላም፣ ያውም በዚህ በሽታ ዘመን። ሞኝነት ነበር።

ዛሬ ትምህርት የለም፤ ሶስና ግን ሳሎን ወለሉ ላይ ተኝታ ላስቲኳን ትመታለች። እትዬ ፎቅ ላይ ልብስ ታጥፋለች። እኔ ኪችን ጠረጴዛ ላይ፣ አንቺና አዲስ የሻይ ቆርቆሮ። ደብቄ የገዛሁት።

በሩ ተንኳኳ። ፓኬጅ የሚጠብቅ የለም።

ሶስና በመስኮት አየች። ላስቲኩ ቆመ። በሹክሹክታ ጠራችኝ፤ ሚስ ሎሬታ ናቸው፣ ቅቤያችንን ይዘዋል፣ ጋሼ ምን አድርገህ ነው። ማስክ አድርገዋል፣ ከደረጃው ወርደው ራቅ ብለው ቆመዋል አለች። እየጻፍኩ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

አየችኝ። እኔ ወደ አንቺ አቀረቀርኩ።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ።

የሴትዮዋ ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ቅቤ ለምን አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ሌላው ለምን ያምራል? ደግሞ እዚህ የተጻፈው ምንድን ነው? ፊደሉን ማንበብ አልቻልኩም፣ የምጠይቀውም ሰው የለኝም ይላሉ።

  እግሬ ከወንበሬ ሊያስነሳኝ ነው። መልሱን አውቃለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አልነሳም። ወስኛለሁ፣ አልነሳም።

እትዬ ደረጃው ላይ ደረሰች፣ ልትወርድ ነው። ቀኜ ብዕር ይዟል። በግራ እጄ ቁሚ ብዬ ምልክት ሰጠኋት። ቆመች።

“ግራ” ይላል የሶስና ድምፅ ከበሩ። ቀጭን። ከዚያ በእንግሊዝኛ፦ “ግራ ነው የሚለው። የእኔ ነው። ያኛው የአጎቴ ነው፤ እሱ ቸኮለ።”

ሴትዮዋ ሳቁ። ሌላ ጠየቁ። እትዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ፎጣ ታቅፋ። ሶስና አሁን ስለ ላስቲኩ፣ ቃኘ ማለት ምን እንደሆነ እየነገረቻቸው ነው፤ መስማት የፈለጉት እሷን ነበር፣ ይኸው እየሰሟት ነው።