በየቀኑ የሚከፈተው ጀሪካን

ልጄ ሆይ፣ በደረስሽበት ሁሉ ቅን ሰው ይግጠምሽ። ከአባትሽ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ለሠርግሽ የጠመቅሁትን ወይን ጠጅ ዘይት ነክቷቸው በማያውቁ ሦስት አዳዲስ ጀሪካኖች፣ አየር እንዳይኖርባቸው እስከ አፋቸው ሞልቼ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ ከደረጃው ሥር አስቀምጬ ነበር። አባትሽ ግን «ፕላስቲክ አይታመንም» እያለ አንዱን በየቀኑ ከፍቶ ይቀምሳል።

«ሰውዬ፣ የሚያበላሸው መክፈትህ ነው!» ስለው፣ «ልጄን ኮምጣጤ ልታጠጫት ነው?» ብሎ ይቆጣኛል።

ትናንት ያ ጀሪካን ተጋምሶ፣ በእርግጥም ኮምጥጦ አገኘሁት። «አላልኩሽም?» አለኝ፣ የረታኝ መስሎት! ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን ሊከፍት ሲል ደረስሁበት።

እኔን መስማት ትቷል፤ እባክሽ ደውለሽ አንቺው እዘዢው። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ብቻ ወይኑን «እየጠበቅሁ ነው» እያለ ሳይጨርሰው ድረሺ።

እናትሽ