የአባትሽ ቅባት በዓይን ጠብታ ብልቃጥ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣

መውጫሽም መግቢያሽም የሰመረ ይሁን፤ በደረስሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይቅደምሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። ድመቷ አሁንም አንቺ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፤ እኔም አላባርራትም።

አባትሽ ጸጉር ቤቱን ዘጋ። እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም፤ አትደንግጪ። ይህ የምልክልሽ ለጸጉርሽ ይቀምምልሽ ከነበረው ቅባት የቀረው የመጨረሻው ነው።

ስትሄጂ ኤርፖርት ላይ ያስቀሩብሽ የቅባት ጠርሙስ እስካሁን አልወጣልኝም። ቅባቱ ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር፤ ፈታሿ ግን «ትልቅ ዕቃ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የምናየው የዕቃውን ልክ ነው» አለችሽ። ጋደም ባልኩ ቁጥር ያ ጠርሙስ ከአውሮፕላንሽ ኋላ ደመናውን እየቀዘፈ ሲከተልሽ አያለሁ። አይደርስብሽም።

አሁን አክስትሽ ወደ አንቺ ስትመጣ የምትይዘው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአባትሽ የዓይን ጠብታ የተረፉትን ብልቃጦች በሙቅ ውሃ አጠብኳቸው። እሱም እኔ ካልቀዳሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። እጁን ደግፌለት ቀዳ። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን በመዳፉ ጠርጎ እኔን ጸጉሬን ቀባኝ፤ ቤቱ አንቺ ያለሽበት መሰለ። ብልቃጦቹን በምትታሸግ ላስቲክ አድርጌያቸዋለሁ፤ ፈታሾቹ ሲጠይቁ አክስትሽ ሻንጣውን እንዳትበረብር ከላይ ናቸው።

አደራ፣ ለክፉ ቀን ብለሽ እንዳታስቀምጪው፤ ተቀቢው። ፈጣሪ በሰው አገር የሰው ፍቅር ይስጥሽ። ሲያልቅ ብልቃጦቹን አትጣያቸው፣ አንቺው ይዘሻቸው ነይ። ባዶውን ማንም አይከለክልሽም።

እናትሽ