ስለ ስምንተኛው ወጠጤና ስላልተወለዱት ግልገሎች

ለተከበሩ የእንስሳት እርባታ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እስካሁን እንዳየነው ያልተቋረጠ እንዲሆን የሰባታችንም ምኞት ነው። እኛ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው የጋራ በረት ሃያ ሁለት እንስት ፍየሎች የምናረባ ሰባት ሴቶች ነን፤ እኔ ደግሞ ምላሴ ስለማያርፍ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩ ነኝ። በዚህ ዓመት ለምን አንድም ግልገል እንዳልተወለደ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድናስረዳ፣ ካላስረዳን ግን በረቱ «ለታታሪ አርቢ» እንደሚተላለፍ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ማኅተሙ በጣም ያምራል። መልሳችንን ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ስለሚለን በግልጽ ጽፈነዋል።

አንደኛ፤ ዕድገቱ የፈጠነ፣ ሥጋው የለሰለሰ ፍየል እንድናረባ አስበው ዝርያው የተሻሻለ አውራ ስለሰጡን እናመሰግናለን። በርክክቡ ዕለት አንገቱ ላይ ያሰሩለትን ሪባን እርስዎ ንግግርዎን ሳይጨርሱ በልቶ ጨርሶታል፤ ከዚያ ዝግጅት ጠግቦ የሄደ እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ለሦስት ቀኑ ሥልጠናም ምስጋናችን ይድረስዎ። ወንድ ፍየል በጊዜ ካልተኮላሸ ሥጋው እንደሚሸትና እንደሚጠነክር በሥዕል አስረድተውናል። ይህን አያቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ ሥዕሉን ግን አላዩም።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ። ከሥልጠናው በኋላ፣ አውራው ገና ከአንዲት እንስት ጋር እንኳ ሳይገናኝ፣ ባዘዙት ዘመቻ ባለሙያዎ የማኮላሻ ብረቱን ይዞ መጣ። በዝርዝሩ ላይ በበረታችን ስምንት ወንዶች እንዳሉ ተጽፏል። ሰባቱ ለሥጋ የምናደልባቸው ወጠጤዎች ነበሩ፤ ስምንተኛው እርስዎ ራስዎ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ያንጠለጠሉበት አውራ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፍየል ጋር የኖሩት አማቴ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አባትየው ነው» ቢሉት፣ «እማማ፣ ወረቀቱ ስምንት ይላል» ብሎ መለሰላቸው። ብናየው እውነትም ስምንት ይላል፤ ከታችም ፊርማዎ አለ። ቀንዱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፊርማ ያለበት ነገር አይሳሳትም ብዬ ያዝኩት፤ እስከ ዛሬ ያንን እጄን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

አራተኛ፤ እውነቱን ላለመካድ ዓላማዎ ተሳክቷል። አውራው ጎኑ ሞልቷል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ሥጋውም ለስላሳ እንደሚሆን አንጠራጠርም። እንስቶቹ ወንድ ፈልገው ሲከቡት ግን፣ ጡረታ የወጣ ሰው የድሮ መሥሪያ ቤቱን በር እንደሚያይ አየት አድርጓቸው ወደ መኖው ይመለሳል። ግልገል ስንጠብቅ ሙክት ሰጡን፤ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይኸው ነው።

አምስተኛ፤ ደብዳቤዎ ጥፋቱ «የአያያዝ ጉድለት» ነው ይላል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ በማኅተም ሲጮኽ ግን ገና አሁን አየሁ።

እንግዲህ ማስረጃችን ይህ ነው፤ ግልገል ያልተወለደው አባት ስለሌለ ነው፣ አባት የሌለውም እርስዎ ስለፈረሙ ነው። በረቱን ድንጋዩን በጀርባችን ተሸክመን የሠራነው እኛ ነን፤ ከመካከላችን ሁለቱ ከእሱ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አንድ ዓመታችን ባክኗል፣ አዝነናልም፤ በረቱን ግን አንለቅም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያልተሻሻለ፣ ነገር ግን ምንም ያልጎደለው ወጠጤ ሊያውሰን ተስማምቷል። ከእርስዎ የምንለምነው እሱን እንዳይመዘግቡት ብቻ ነው።

የማኅተምዎ አድናቂ፣ የፊርማዎ ተጎጂ፣ የደጅዎ ተመላላሽ፣
የሰባቱ ሴቶች ጸሐፊ

ማስታወሻ፤ ትናንት ደጅዎን ስጠና፣ «ከተሻሻለው አውራ በዚህ ዓመት አርባ አራት ግልገሎች ተወልደዋል» የሚል በእርስዎ የተፈረመ ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፎ አነበብኩ። በአካባቢው ከእኛው በቀር ሌላ የተሻሻለ አውራ ስለሌለ፣ እነዚህን አርባ አራት ያስወለደው ብርቱ እዚያው ቢሮዎ ውስጥ የሚገኝ መሆን አለበት። ማንም ይሁን ማን፣ ለአንድ ወቅት ቢያውሱን ውለታዎን አንረሳም፤ እኔም በበኩሌ ቀንዱን እንደማልይዝ ቃል እገባለሁ።