ቀሩባት ሳይሆን ቀሩላት

ጋሼ ዶዮ፣ የልጄ የጃለኔ ኮርሶች ተቆጠሩላት! ከአንደኛ ዓመት አትጀምርም፣ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ሐሙስ ዕለት እያለቀስኩ በስልክ የነገርኩዎትን በሙሉ ከልብዎ ያውጡት። ውሸት ነው፤ ማለቴ፣ ውሸት እንኳ አይደለም፣ የባሌ የአረሮ ጆሮ ያመጣው ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። አካም ነዎት ጋሼ? ናጋ ነው? ያ ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ ሸምሳስ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ግመሎቹስ? ኢሲዮሎ ዝናብ ጣለ? እኛ ዘንድ የሃገያው ዝናብ ገብቶ የነገሌ ቀይ አፈር ጫማችንን እያወለቀ ያስቀርብናል። እኔ ከሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በስተቀር ደህና ነኝ። የእርስዎ ስልክ ግን ከሐሙስ ወዲህ ዝግ ነው ይለኛል፤ አረሮ ተናደው ነው የዘጉት ይላል። «ከሰሜን አዛውሯት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው» ብለው ስልኩን ከዘጉብኝ ጀምሮ እኔም እህል አልበላልኝም ነበር። ለዚህ ነው ይህን ወረቀት ለሹፌሩ ለዓብዱሰላም የሰጠሁት። እስከ ሞያሌ እኔ አደርሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ኢሲዮሎ የሚሄድ ሰው አላጣም ብሎኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎት። ጃለኔ ሰሜን ሁለት ዓመት የእንስሳት ሳይንስ ስትማር ብርዱ ደረቷን ይዟት እንዴት እንደነበረች ያውቃሉ። እርስዎ፣ ልጅቷን ቅርብ አምጧት፣ ትምህርት በሕይወት ላለ ሰው ነው አሉ። ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበሏት እሰየው ብለን ቁጭ አልን። የዘነጋነው፣ እሷ ስትዛወር የተማረችውስ አብሯት ይዛወራል ወይ የሚለውን ነው። ለካ የተማሩትን እንደ ሻንጣ አንጠልጥለው መግባት የለም። እዚያ ምን ተማርሽ፣ እዚህ ምን ይሰጣል እያሉ አንዱን ኮርስ ከሌላው ጎን አቁመው ያመዛዝኑታል። ካልተመሳሰለ፣ እንደገና ተማሪው ነው የሚሉት። ጃለኔም ቁርጧን ነግራናለች፤ ካልቆጠሩልኝ ትምህርት በቃኝ፣ ሞያሌ ወርጄ ሱቅ እቀመጣለሁ አለች። ታናሽ እህቷ ሲፋን ዘንድሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ጥሪ እየጠበቀች አይደል? ከሲፋን ጋር አንድ ክፍል ከምቀመጥ አለች። ያቺ ሲፋን ደግሞ አፏ አያርፍ፣ «ደብተር አውስሻለሁ» እያለች ታበሽቃት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ውሳኔው ወጣ። የጃለኔ ስልክ ባትሪ ስለጨረሰ የዶርም ጓደኛዋ ፍሬሰንበት በራሷ ስልክ ለአረሮ ደወለችለት። እሱ ያን ሰዓት ከብት ገበያ ነው፤ አንዱ ግመል ሲጮህ ሌላው ይመልስለታል። ፍሬሰንበት ኦሮምኛ አትሰማም፣ የአረሮን አማርኛ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። እሷ፣ «አባባ፣ የበፊቶቹ ኮርሶች ቀሩላት» ትለዋለች፤ ተይዘውላታል፣ ደግማ አትማራቸውም ማለቷ ነው። እሱ ቤት መጥቶ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ኮርሶቹ ቀሩባት» አለኝ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልዎት። ለእርስዎ ደወልኩ፤ የሆነውን ሰምተዋል። ጎረቤታችን ራሕማ ለቅሶዬን ሰምታ ሱቋን ዘግታ መጣች። ራሕማ ሱቋን ዘጋች ሲባል መንደሩ ከባድ ነገር አለ ብሎ ተከትሏት ገባ። ከመንገድ ያየን ሰው ቀብሩ መቼ ነው ቢል አልፈርድበትም። ለጃለኔስ ቁስሏን እንዳልነካባት ብዬ አልደወልኩላትም፤ ቅዳሜ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ሲፋንንም ለብቻዋ ጠርቼ፣ እህትሽ ስትመጣ ስለ ትምህርት ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ጥርስሽንም እንዳላይ ብዬ አስጠነቀቅኳት።

ቅዳሜ ጃለኔ በወደራ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ወርዳ እየሳቀች ከተፍ አለች። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን፣ አንገታችንን ደፍተን ተደርድረናል። ስታየን ሻንጣዋ ከእጇ ወደቀ፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የሞተው?» አለች።

አረሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ኮርሶችሽ» አላት።

ጋሼ፣ ያቺን ሰዓት ቢያዩልኝ! መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችን፤ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ራሕማ ሱቅ ያዘጋሽኝ ለዚህ ነው ወይ ብላ ትከሻዬን መታችኝ፤ ግን እልልታውን ቀድማ ያቀለጠችውም እሷ ናት። አረሮ ሽንፈት አይወድ፣ «ላ» ሆነ «ባ» የቀረ ነገር ቀርቷል አይደል ወይ እያለ ሲከራከር አመሸ። ጃለኔ ሁለት ኮርስ ግን ይቀረኛል ስትለውማ፣ ደግሞ ይሄኛው መቅረት ከየትኛው ወገን ነው ብሎ ተቆጣ። አንዱ ስለ ግጦሽ መሬት ነው አለችው። የቦረና ልጅ ግጦሽ ሊማር! ይህንን እኔው አስተምራታለሁ፣ ፈተናም አወጣላታለሁ አለ። ይበል፣ ግመል በሌለበት ቦታ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ጋሼ፣ የልጅቷ ደረት ተሽሏታል፣ ሁለት ዓመቷም አልባከነም። ሁለቱም የእርስዎ ምክር ነው፤ አፍዎ አይቆረጥ፣ ይባረክ። ትንሽ ድግስ አስበናል፤ አረሮም ወይፈን ለይቷል። ጃለኔ ግን የእናቴ ወንድም፣ አቡያዬ፣ ራሴን ይዞ ካልመረቀኝ አልቀምሰውም ብላለች፤ እልኳን ያውቃሉ፣ የእርስዎው ነው። ስልክዎን ይክፈቱና ድምፅዎን ያሰሟት።

ሸምሳን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ያ የጠየቀችኝ ቅቤ ተቀምጦላታል። ለልጅዎ ለዲቃ በርቺ ይበሉልኝ፣ ትንሹን ጋልጋሎን አክስትህን ናፍቀሃታል ይበሉት። አረሮ ከነጆሮው እጅ ይነሳል፤ ጃለኔና ሲፋን ጉልበት ይስማሉ፤ ራሕማም ሰላም ብላለች።

እህትዎ ዲንኪቱ
ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

የድግሱን ቀን አደራ እንዳይረሱት፣ ማንንም ቤት ጥለው እንዳይመጡ፤ ሁላችሁም እሁድ ጥቅምት 21።